የዋግ ሞግዚት

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት በደዴሳ ሸለቆ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤና በፊት የሚጠያየቀው ስለ ነፋስ ነበር። «ነፋሱ እንዴት አደረ?» ይባላል። «ደኅና አደረ፣ ተመስገን» ይመለሳል። ራዲዮኑም ቢሆን ከዜና በፊት የሚያነበው የነፋስ አቅጣጫ ነው። «ዛሬ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ቀስ ያለ። መስኮት መክፈት ይቻላል። ልብስ ውጭ ማስጣት አይቻልም።» ስለ ሀገርና ስለ ዓለም የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

የሻረግ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። መታወቂያዋ ላይ «የበሽታ አቆያይ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል፤ መንደሩ ግን «የዋግ ሞግዚት» ይላታል። ስሙ አያስከፋትም፤ ልክ ነውና። ሌላው ገበሬ ሰብሉ እንዳይታመም ሲለፋ፣ እሷ የምትለፋው የእሷ እንዳይድን ነው። ጠዋት ጠዋት የታመሙ የአኩሪ አተር ቅጠሎችን ለቅማ በውሃ ታጥባለች። ቡናማውን እጣቢ በመርጫ ሞልታ በጤነኞቹ ላይ ትረጫለች። እርጥበቱ እንዳይለያቸው ሸራ ታለብሳቸዋለች። ዋጉ፣ ያ ቅጠል የሚበላ ሻጋታ፣ የደከመ ሲመስላት ትጨነቃለች፤ ሲበረታ ደስ ይላታል። ደስ ማለቷ ደግሞ አንዳንዴ ያስደነግጣታል።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋጉ በሕይወት ካልቆየ የትኛው ዝርያ እንደሚቋቋመው የሚታወቅበት መንገድ የለም። አዳቃዮቹ በየዓመቱ ያዳቀሏቸውን አዳዲስ ዘሮች ይዘው ወደ ዋግ ግቢ ይመጣሉ፣ በበሽታው መካከል ይዘሯቸዋል፣ የሚሞተው ይሞታል፣ ቆሞ የቀረው ይመረጣል። «አለኝታ» የምትባለው የአኩሪ አተር ዝርያም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከዚሁ ግቢ ቆማ የቀረች ናት። ከእሷ ወዲህ ሌላ የሚዘራ ጠፋ። ዳቦው አለኝታ ነው፣ ወተቱ አለኝታ ነው። ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የዶሮው መኖ፣ የአውቶቡሱ ነዳጅ ሳይቀር። ጤፍ በሠርግ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ከሆነ ቆየ።

በግቢው ውስጥ አሥራ ሁለት ረድፍ አለኝታ ለቁጥጥር ተዘርታለች። የሻረግ በቀን አራት ረድፍ እየወሰደች ቅጠሎቿን እየገለበጠች ታያለች። ዋግ የሚጀምረው ከቅጠል ጀርባ ነው፤ ፊቱ ለምለም ሆኖ ጀርባው ያለቀለት ቅጠል ሞልቷል። ቅጠሉ ንጹሕ ከሆነ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዋ ላይ «አንድ» ትጽፋለች፣ ፈጽሞ የተበላ ከሆነ «ዘጠኝ»። ለአለኝታ ከአንድ ሌላ ቁጥር ተጽፎላት አያውቅም።

ከሰኔ እስከ ኅዳር ከግቢው መውጣት ክልክል ነው። ዋግ ሰውን አያሳምምም፤ ነፋስና ሰው ግን ይሸከሙታል። የግድ የሆነበት ሰው በሩ ላይ ባለው መታጠቢያ ቤት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ጸጉሩን ፈትቶ ያጥባል፣ ከዚያም «ነጩ ቤት» በሚባለው ማቆያ ሰባት ቀን ተቀምጦ ይወጣል። የሻረግ በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎቷ በክረምት ወጥታ አታውቅም። የወንድሟ ቀብር እንኳ አልፏታል።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ አዝመራ ትባላለች። አዝመራ ከግቢው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ከባሏ ከቢያድግልኝ ጋር አለኝታ ታርሳለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ቀኗ ጥቅምት አጋማሽ ነው ተብሎ ስለነበር፣ እናትና ልጅ በሰኔ ሲለያዩ «አልደርስልሽም» «አውቃለሁ» ተባብለው፣ አብረው አልቅሰው ነው የተለያዩት።

መስከረም አምስት ጠዋት የሻረግ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ረድፍ ገልብጣ ጨርሳ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሳ ነበር። በር ጠባቂው አቶ ጉዲሳ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ጠሯት። አቶ ጉዲሳ ስድሳ አምስት ያለፋቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ጮኹ።

«የሻረግ! ልጅሽ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት!»

«ጊዜዋ መቼ ደረሰና?»

«አልደረሰም። ሽሉ በእግሩ ነው የሚመጣው አለች አዋላጇ። አምቡላንሱ ደግሞ በነፋሱ ምክንያት፣ ዋግ እንዳያዛምት ቆሟል። እስከ ነገ መኪና አይንቀሳቀስም።»

የሻረግ ሰሌዳውን ይዛ ቆመች። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሃያ ተክሎች አሉ። ከላይ ሲያዩዋቸው አረንጓዴ ናቸው፤ ሁልጊዜም አረንጓዴ ናቸው። ሳትገለብጥ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለች እስከ ሃያ ጻፈችና ወደ በሩ ሮጠች።

«ጋሽ ጉዲሳ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ሰባት ቀን አለ እኮ፣ ልጄ።»

«ምጥ ሰባት ቀን ይጠብቃል?»

አቶ ጉዲሳ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ አወጡ። «ሦስቴ ታጠቢ። ልብስሽን ሁሉ ቀይሪ። ከመምሸቱ በፊት ተመለሺ። እኔ አላየሁሽም።»

ሦስቴ ታጠበች። ጸጉሯ ግን ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ ነበር፤ መፍታቱ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በላዩ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ንጹሕ ሻሽ አሰረችበትና ወጣች።

አዝመራን ያገኘቻት አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክካ ነው። አዋላጇ ፈቲያ ከኋላዋ ሆና በእርጋታ ታወራታለች፤ ግንባሯ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። አዝመራ እናቷን ስታይ በመጀመሪያ ያየችውን አላመነችም። ቀጥሎ ሁለት እጇን ዘረጋችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሻሹ ወደቀ። ምጡ በመጣ ቁጥር አዝመራ የእናቷን ሹሩባ በሁለት እጇ ጨብጣ ትስባለች፤ የሻረግም ጸጉሯ ከሥሩ እስኪነቀል ድረስ ራሷን ትሰጣታለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኗ በእግሯ መጣች። ሰማያዊ ሆና ወጣች፤ ፈቲያ ጀርባዋን ስትመታት ቀላች፣ አለቀሰችም። ሴት ናት።

ቢያድግልኝ ደስታው የሚያደርገውን አሳጣው። አማቱን እጇን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳት። «እማማ፣ መጥተው ሳያዩልኝ አይሄዱም» አላት። ማሳው ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ፍሬው ታጭቆበታል። የሻረግ በመካከሉ ተራመደች። ልማድ ሆኖባት አንድ ቅጠል ገለበጠች። ንጹሕ ነው። «ይባርክልህ» አለችው። ነፋሱ ነጠላዋን እያንሳፈፈው፣ ቆማ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር።

ሳይመሽ ተመለሰች። አቶ ጉዲሳ ከፈቱላት፤ ጣታቸውን አንስተው «ወንድ? ሴት?» ሲሉ በምልክት ጠየቋት፤ «ሴት» አለች በከንፈሯ ብቻ።

በማግስቱ ተራው የመጀመሪያዎቹ አራት ረድፎች ነበሩ። እግሯ ግን ወደ አሥራ ሁለተኛው ወሰዳት። ያልገለበጠችው ነገር እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። አንደኛው ተክል ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም። አምስተኛውም። ስድስተኛው ላይ ከታች ሦስተኛዋን ቅጠል ስትገለብጥ፣ በመርፌ ጫፍ የተነቀሱ የሚመስሉ ቡናማ ነጥቦች አየች። አውራ ጣቷን አሳረፈችባቸው። ጣቷ ላይ እንደ ደቀቀ ትንባሆ ያለ ብናኝ ቀረ።

ዋግ አፉን ከፍቶ ብናኙን ለመልቀቅ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። ይኸኛው ከፍቷል። ትናንት ጠዋት ከሃያዎቹ ስድስተኛ ላይ ብትደርስ ኖሮ ታየው ነበር። ትናንት ማታ ሳይሆን ትናንት ጠዋት፤ ልጇ ጸጉሯን ከመጨበጧ በፊት፣ ማሳው ውስጥ ከመሳቋ በፊት።

ያን ቀን ለማንም አልተናገረችም። የመጀመሪያዎቹን አራት ረድፎች ገለበጠች፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብላ ጻፈች፤ እውነትም ነበር። ምሳ ሰዓት ዳቦዋን ቆረሰች። አፏ ውስጥ ስታደርገው የምትበላው አለኝታ መሆኑ ትዝ አላትና ማኘኩን አቆመች። ሀገር ሁሉ በዚያ ሰዓት ያንኑ ዳቦ እየቆረሰ ነው። ራዲዮኑ የከሰዓቱን ነፋስ አነበበ፤ «ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ጠንካራ»። የአዝመራ ቤት በምሥራቅ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ጋሽ ጉዲሳ፣ አለኝታ ታማለች።»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና አሉ። «የቷ?»

«አሥራ ሁለተኛው ረድፍ።»

«አንድ ብለሽ አልጻፍሽም እንዴ?»

«አልገለበጥኩትም ነበር።»

ወንበራቸውን ለቀው ተነሡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፤ «እኔን ተይኝ፣ እኔ የመጣው ይምጣብኝ። ልጅሽን አስቢ። ከተነገረ ክቡ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ አንድ ተክል አይተርፍም። የአዝመራ ቤት ስንተኛው ላይ ነው?»

«ዘጠነኛው ላይ።»

«እንግዲህ! አሥር ቀን ብትታገሺ ከሰማይ የሚያየው መሣሪያ ራሱ ያገኘዋል። ነፋስ አመጣው ይባላል። ነፋስን ማን ይከስሰዋል?»

«በአሥር ቀን ውስጥ የት ይደርሳል?» አለች የሻረግ።

የሻረግ እዚያው ቆማ ሰሌዳውን አወጣች። አሥራ ሁለተኛ ረድፍ፣ ስድስተኛ ተክል፦ ሦስት። ሰሌዳው «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቃት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጠይቋት አያውቅም። «አዎ» የሚለውን ነካች። ቀጥላ በመስከረም አምስት ሰባቱን ቀን ሳትጠብቅ መውጣቷን፣ የት እንደሄደችና በየት እንዳለፈች ጻፈች። ማን እንደከፈተላት አልጻፈችም። ያንን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው አቶ ጉዲሳ ለመጡት ሰዎች ተናገሩት፤ «በሩ በራሱ አይከፈትም፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት» ብለው።

መጀመሪያ የደረሰችው ዶክተር ኦብሴ ናት፤ የአዳቃዮቹ ኃላፊ። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ወረንጦ ከደረት ኪሷ የማይጠፋ ሴት ናት። ቅጠሉን ገለበጠች። አንዴ አይታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እትዬ የሻረግ» አለች፣ «የት የት ነክተዋል?»

የሻረግ ሁሉንም ነገረቻት። አልጋውን፣ የበሩን እጀታ፣ ማሳውን፣ የገለበጠችውን አንዷን ቅጠል። «ሹሩባዬንም አልፈታሁትም» አለች። እዚያው ጸጉሯን ላጯትና በከረጢት አሽገው ወሰዱት።

ለምለም ተክል አይነድም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያደርቅ መድኃኒት ከሰማይ ተረጨ፤ ሦስት ቀን ተጠበቀ፤ ከዚያ ተለኮሰ። ክቡ ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል አባወራ ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ አንድ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ የሚሄዱበት ትምህርት ቤትና የአውቶቡስ ቁጥር ተጽፏል። አንዳንዱ ቤቱን ጠርጎ ወጣ።

የሻረግን በነጭ ልብስ ሸፍነው፣ የነካቻቸውን ቦታዎች እንድታሳይ ወደ ልጇ ቤት ወሰዷት። ቢያድግልኝ በማሳው ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። በእጁ ክብሪት ይዟል።

«አንዲት የታመመች ቅጠል አሳዩኝ» ይላል ለአለቃቸው። «አንዲት ብቻ። ካሳያችሁኝ እኔው ራሴ ለኩሼ እሄዳለሁ።»

የሚያሳየው አልተገኘም። የደረቀውን ሁሉ እያገላበጡ አዩ፤ ነጥብ የለበትም። «ዛሬ የለበትም ማለት የለበትም ማለት አይደለም» አለው አለቃው፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክብሪቱን ከእጁ ወሰደለት።

አዝመራ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማለች። ከወለደች ስድስት ቀኗ ነው፤ ቀለሟ ገና አልተመለሰም። በነጩ ልብስ ውስጥ ያለችው እናቷ መሆኗን ያወቀችው በአረማመዷ ነው።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«የመጣሽው ለእኔ ብለሽ ነበር።»

«አዎ፣ ለአንቺ።»

«የነገርሻቸውስ ለማን ብለሽ ነው?»

የሻረግ ወደ ደረጃው አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። አውቶቡሱ ተነሣ። ከኋላው መስኮት የሕፃኗ ነጭ ጋቢ ትንሽ ታየና በጭሱ ተሸፈነ። ጭሱ አራት ቀን ቆየ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ሰባት ቀኗን በነጩ ቤት ጨርሳ ከወጣች በኋላ፣ ሦስት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጠየቋት። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ለምን ወጣሽ፣ ለምን አልገለበጥሽም፣ ለምን አንድ ቀን ዘገየሽ። ሁሉንም መለሰች። «ታዲያ መጨረሻ ላይ ለምን ተናገርሽ?» አላት መካከለኛው። አሰበችና፣ «አየሁታ» አለች። ጻፉት። አቶ ጉዲሳ ከሥራ ተሰናበቱ። የሻረግ ግን አልተሰናበተችም፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ዶክተር ኦብሴ በጠያቂዎቹ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጠበቀቻት። ጎን ለጎን ሆነው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄዱ።

«ጸጉርዎ ውስጥ አዲሱ ዋግ ተገኝቷል» አለች ዶክተሯ።

የሻረግ ቆመች። «እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ቆይ፣ ይስሙኝ። እርስዎ በነገሩን ሳምንት ሌሎቹን የዋግ ግቢዎች ሄደን አየን። በሁለቱ ተገኝቷል። ያኔ አንደኛው ጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ ሌላኛው ጋ ወር ሊሞላው ነበር። ሁለቱም ጋ የሚገለብጡት ሰዎች አይተውታል። ሁለቱም አንድ፣ አንድ እያሉ ጽፈዋል። በአራት ወረዳ ወጥቷል፤ ከማን እንደወጣ ማንም አያውቅም። ለማወቅም የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።»

«የልጄ ማሳ ለምን ተቃጠለ ታዲያ?»

«እርስዎ ስለተናገሩ» አለች ዶክተር ኦብሴ። ልታለዝበው አልሞከረችም።

«ታሞ ነበር? አልነበረም?»

«ተቃጥሏል፣ እትዬ። አሁን ማወቅ አይቻልም።»

መንገዱ ዳር ባለው ዳቦ ቤት ፊት ሰልፍ ነበር። ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ዳቦው በግማሽ ቀንሷል፤ ራዲዮኑ ምክንያቱን «የክምችት ጥንቃቄ» ብሎታል። ዶክተር ኦብሴ ወደ ሰልፉ ሳታይ፣ «በጎተራ ያለው ለአሥራ አራት ወር ነው» አለች። «ከአሮጌ ዘሮች ጋር ያዳቀልናቸው አራት ሺህ ዝርያዎች አሉኝ። በመስኖ እዘራቸዋለሁ። ከአዲሱ ዋግ ጋር አብሬ። የሚገለብጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ የሚጽፈውን የማምነው። ገብቶ ስምንት ወር አይወጣም። ነጩ ቤት አያወጣውም፣ ሰባት ቀን አያወጣውም። ጨርሶ መውጣት የለም።»

የሻረግ የተላጨ ራሷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ልጄን ልሰናበት» አለች።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ለስድስት ቤተሰብ በሸራ ተከፍሏል። ቢያድግልኝ ብቻውን ወጣ። «ተኝታለች፣ እማማ» አላት። ከሸራው ጀርባ አዝመራ ሕፃኗን እሹሩሩ ስትል ይሰማል። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። የሻረግ ለሕፃኗ ያመጣችውን የሹራብ ካልሲ ለእሱ ሰጠችው። «ክርስትናዋ መቼ ነው?» «በኅዳር መጨረሻ።» «ስሟስ?» «እስካሁን ማሚቱ ነው የምንላት።»

በኅዳር አጋማሽ ወደ ግቢው ገባች። አራት ሺህ ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት ተክል። ዋጉን ራሷ ረጨችባቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ውሃ ያጠጣቻቸውን ራሷ አሳመመቻቸው። አሥር ቀን ቆጥራ መገልበጥ ጀመረች። በታኅሣሥ ማብቂያ ሁለት ሺህ ሰባት መቶው ወደቀ። በጥር ስድስት መቶ ያህል ቀረ። ከጥምቀት በኋላ ዋጉ በጣም በረታ፤ ደስ ማለቷ ጠፍቶ ፍርሃቷ ብቻ ቀረ። ስትተኛ ጣቷ ይገለብጣል። ለልጇ አራት መልእክት ልካ ለአንዱም መልስ አላገኘችም። የካቲት ሲገባ ከአራት ሺው ሠላሳ አንድ ረድፍ ብቻ ቆሞ ነበር።

የካቲት አሥራ ሁለት ጠዋት፣ ማታ ዋጉን ረጭታ ያለበሰችውን ሸራ ገና ገልጣ ሳትጨርስ፣ አዲሷ በር ጠባቂ ሮጣ መጣች። «እንግዳ አለዎት» አለቻት። እንግዳ ከአጥሩ አምሳ ሜትር ርቀት ላይ፣ ነጭ በተቀባው መስመር ላይ ነው የሚቆመው።

አዝመራ ነበረች። ሕፃኗን አዝላታለች።

«እማ!»

«ልጄ!» የሻረግ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጇ ያዘች። «ጡት ትጠባለች?» ብላ ጮኸች።

«ትጠባለች! ጥርስ ልታወጣ ነው!»

«ቢያድግልኝስ?»

«መንገድ ሥራ ገብቷል! ደኅና ነው!»

አዝመራ የአንቀልባዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

«ተቆጥቼሽ ነበር!» አለች አዝመራ።

«አውቃለሁ!»

«አሁንም ተቆጥቻለሁ!»

«እሺ!»

«ግን እንድታያት ብዬ ነው!» አዝመራ ዞር አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ከአንቀልባው በላይ አንዲት ትንሽ ራስ ብቅ ብላለች፤ ጸጉሯ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሻረግ ዕንባው እንዳይጋርዳት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ክርስትና ከተነሣች ሁለት ወር አልፏታል፤ አያቷ ስሟን አታውቅም።

«ስሟን ማን አላችኋት?»

አዝመራ ለመመለስ ፊቷን ስታዞር የሻረግ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ አየች። ራዲዮኑ ጠዋት «ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ቀስ ያለ» ብሎ ነበር። ጨርቁ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዝመራ ተዘረጋ። ሸራው ተገልጧል። ከኋላዋ፣ ለዋጉ ማቆያ በተተከለው አለኝታ ላይ፣ ሺህ የታመመ ቅጠል አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ሂጂ!» አለች የሻረግ።

አዝመራ ባለችበት ደረቀች። እናቷ ያባረረቻት መስሏት ፊቷ ሲለወጥ የሻረግ ከአምሳ ሜትር አየችው።

«አዝመራ፣ ሂጂ! ነፋሱ ዞሯል! ወደ ነጩ ቤት! ሩጪ!»

ያኔ ገባት። ነጠላዋን ከሕፃኗ በላይ ወርውራ መሮጥ ጀመረች። በር ጠባቂዋም የነጩን ቤት በር ልትከፍት ተከተለቻት። አዝመራ ልትታጠፍ ስትል ቆመች፤ ወደ ኋላ ዞራ በሙሉ ድምፅዋ አንድ ቃል ጮኸች። ነፋሱ ፊት ለፊቷ ነበር። ለእናቷ የደረሰው የቃሉ መጨረሻ ብቻ ነው፤ «ነሽ»።

የሻረግ የሽቦው ምልክት መዳፏ ላይ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆመች። ከዚያ ሸራውን መልሳ አለበሰች፤ ነፋሱ እስኪበርድ ጠበቀች። ልጇና የልጅ ልጇ ሰባት ቀን ነጩ ቤት ውስጥ ይቆያሉ፤ በር ጠባቂዋ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ስሙን ጠይቃ ትነግራታለች። እስከዚያ ያላት «ነሽ» ብቻ ነው። በሀገሩ ካሉት ሴቶች የግማሾቹ ስም በ«ነሽ» ያልቃል።

የዕለቱ ተራ አሥራ አንድ ረድፍ ነበር። በመጀመሪያው ላይ ጎንበስ አለች። «ጥሩነሽ» ብላ ገለበጠች፤ ንጹሕ ነው። «በላይነሽ»፤ ንጹሕ። «ተስፋነሽ»፤ ንጹሕ። «ብርቅነሽ» ያለችበት ቅጠል ጀርባ ላይ፣ ከደም ሥሩ አጠገብ፣ ሁለት ቡናማ ነጥቦች ነበሩ። አውራ ጣቷን አሳረፈችባቸው፤ ብናኙን አየች። ሰሌዳውን አውጥታ ሦስት ብላ ጻፈች፤ ረድፉን ነቅላ በከረጢት አሠረችው። ሠላሳ ቀረ።

ወገቧን ደግፋ ቀና አለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ረድፍ ተሻግራ፣ «ልዩነሽ» አለችና ገለበጠች።